ሽማግሌ የተላከበት ቅጥር

ደግፌ ኦይታ የዚያን ቀን ታሪክ ሲያወራ የሚጀምረው ከኮቱ ነው። ኮቱ የእሱ አልነበረም። የእህቱ የአገርነሽ ባል የካሱ የሠርግ ኮት ነው፤ ካሱ ደግሞ በትከሻውም በሆዱም ሁለት ደግፌ የሚወጣው ሰው ነበር። «በር ላይ መጀመሪያ ኮቱ ይገባል፣ ቆይቼ እኔ እከተላለሁ» ይላል ደግፌ። ራሱን ማማት ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ደግፌ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ላይ ነጥብ ከጎደለው ወዲህ ከዶርዜ ወርዶ በከተማው የታችኛው ሰፈር በሲቀላ እህቱ ቤት ተቀምጧል። ጠዋት ገበያ ይወርዳል፣ ከሰዓት ከገበያ ይመለሳል፣ በመካከሉ ያወራል። ዶርዜ እንዳይመለስ ደግሞ እዚያ የሚጠብቀው ሽመና ነው፤ በሽመና ታናሽ ወንድሙ እንኳ ጥሎት ሄዷል። ደግፌ የሠራው ጋቢ አንዱ ጠርዙ ወደ ጨንቻ፣ ሌላው ወደ ሐይቁ እንደሚሄድ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ይህንንም ያወራው ራሱ ነው።

የዚያ ዓመት ሥራ ፈትነት ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አቅርብ ሲባል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሥራ የሌለው ሰው ላይ ነበር። ባለፈው ዙር የጎረቤት ልጅ ሄዶ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ይባላል። ደግፌ ስለ ራሱ የተጋነነ ግምት የለውም። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው፤ ጠመንጃ ቢሰጡት የሚመታው የራሱን እግር እንደሆነ እየማለ ይናገራል። አገርነሽ ግን በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። ወንድሟ ሥራ ካላገኘ እንደሚወስዱት ስለገባት የበላችው አይወርድላትም ነበር።

በየካቲት አንድ ሰሞን ታዲያ ማጉያ የተሰቀለበት ላንድሮቨር ሲቀላን እየዞረ ለፈፈ። ቅዳሜ በላይኛው ሰፈር በሴቻ ሦስት ድርጅቶች በአንድ ግቢ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፦ አንድ የእርሻ ልማት፣ አንድ የመንገድ ሥራ፣ አንድ የዓሣ ማምረቻ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት በከተማው ታይቶ ስለማይታወቅ ሰዉ በቶሎ ስም አወጣለት፤ የቅጥር ገበያ አለው።

ካሱ ይህን ሲሰማ ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀጥሮ ከዚያች ወንበር ሳይነሳ የሚኖር የቢሮ ሰው ነው፤ ስለ ቅጥር ግን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም።

«ስማ» አለው፤ «አንድ ጠረጴዛ ጋ ተገትረህ ውለህ እንዳትመለስ። ሦስቱም ጋ ቅረብ። ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ ጠጋ ብለህ አዳምጥና እሱን ሁንላቸው። ገበሬ ካሉ ገበሬ፣ ጉልበተኛ ካሉ ጉልበተኛ።»

«ዓሣ ካሉስ ጋሼ ካሱ?»

«እየቀለድክ ትወሰዳለህ!» አለችው አገርነሽ ከጓዳ። እሷ ግን ምክሩን ሁሉ በባሏ ላይ ጥላ አልተቀመጠችም። ከዚያ በፊት በነበረው የሳምንቱ ገበያ ቀን ከዶርዜ ጋቢ ይዘው በወረዱ ሰዎች ለአባቷ መልእክት ላከች። ደግፌ ቅዳሜ ሴቻ ላይ ሥራ ሊጠይቅ ነው፣ ካልሆነለት ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፣ ጸልይለት የሚል ነበር መልእክቷ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግፌ ኮቱ ውስጥ ሆኖ ዳገቱን ወደ ሴቻ ወጣ። ሲደርስ ከኮቱ በስተቀር ሁሉ ነገሩ በላብ ርሷል። ግቢው በወጣት ተጨናንቋል። ሦስቱ ጠረጴዛዎች ፀሐይ እንዳይመታቸው በአንድ ሸራ ሥር ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እዚህ ላይ ማንም ልብ ያለው ሰው ቆም ብሎ ባሰበ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ ጋ የተነገረ ነገር ሌላው ጋ በደንብ ይሰማል። ደግፌ ግን የካሱን ምክር በልቡ እየደገመ ስለነበር ለማሰብ ቦታ አልነበረውም።

እርሻው ጠረጴዛ ላይ ጓድ ገነነ የሚባል፣ ካኪ የለበሰ ወፍራም ሰው ተቀምጧል።

«ከጭቁን አርሶ አደር ቤተሰብ የተወለድኩ ነኝ ጓድ። ያደግሁት ማሳ ላይ ነው» አለ ደግፌ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ጎበዝ። ጥጥ የሚለቀመው መቼ ነው?»

ደግፌ ጥጥን የሚያውቀው ከሴቶቹ እጅ ተፈትሎ ሲመጣ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደሚሆን፣ ዛፍ ላይ ይውጣ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ ጠይቆ አያውቅም።

«ሲደርስ» አለ።

ጓድ ገነነ እስኪጨርስ ጠበቀው። የሚጨርሰው ነገር አልነበረም። እርሻው በዚህ አበቃ።

መንገድ ሥራው ጋ ሲደርስ ጭቁን አርሶ አደርነቱን እዚያው ትቶ ጉልበተኛ ሆነ። ድንጋይ ስፈነቅል ነው የኖርኩት አለ። ሰውዬው ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ የተደገፈውን ዲጂኖ በአገጩ አመለከተው። ደግፌ ብድግ አደረገው። በእርግጥ ብድግ አድርጎታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ችግሩ ዲጂኖው ከትከሻው በላይ ሲወጣ የካሱ የሠርግ ኮት፣ የስፌቱ ክር አርጅቶ ስለነበር፣ ከብብቱ ጀምሮ ጣጣጣ ብሎ መተርተሩ ነው። ከኋላው የተሰለፈው ወጣት ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ደግፌም ክንዱን ጎኑ ላይ ለጥፎ፣ እንቁላል በብብቱ የያዘ ሰው መስሎ ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ ተሻገረ።

የቀረችው የዓሣዋ ናት። እዚህ ካልሆነ የሚቀረው ከፋሲካ በኋላ ያለው ነው። ዓሣ ማምረቻው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ እጅጋየሁ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ የአስተዳደር ኃላፊ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ውሸት ሲሰሙ የዋሉ ሰው ፊት አላቸው።

«ዋና ትችላለህ?»

«የተወለድኩት እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው ጓድ። አባያን ስዋኝ ነው ያደግሁት።»

«አዞውስ?»

«ተላምደናል» አለ ደግፌ።

ይህን ሲያወራ ዛሬም ፊቱን በመዳፉ ይሸፍናል። አፉ ለምን እንዲህ እንዳለ አያውቅም። ምናልባት ምላሱ ካሱን ከእሱ ይበልጥ አዳምጦ ይሆናል። ወይዘሮ እጅጋየሁ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጓድ ገነነ በጎን ሆኖ መሳቅ ጀምሯል።

በዚህ መሐል ነው በግቢው በር በኩል ሰልፉ ሁሉ ወደ ኋላው የዞረው። አራት ሽማግሌዎች ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነ የዶርዜ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ዘንግ ይዘው፣ በአንድ መስመር ቀስ ብለው ይመጣሉ። ከፊት ያሉት የመንደሩ አንጋፋ አቶ ደበሌ ናቸው። ከኋላ፣ ራሳቸውን ደፍተው የሚሄዱት ደግሞ አቶ ኦይታ፣ የደግፌ አባት። ሐይቁ ዳር የተወለደው ዋናተኛ አባቱን ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

በአቶ ኦይታ መንደር ትልቅ ነገር ከሰው ደጅ ሲፈለግ ፈላጊው ራሱ አይጠይቅም። ሽማግሌ ይልካል። ሚስትም ብትሆን፣ መሬትም ቢሆን፣ ይቅርታም ቢሆን ያው ነው። የአገርነሽ መልእክት ሲደርሳቸው ልጃቸው በመንግሥት ደጅ ብቻውን ሊቆም መሆኑን ሰምተው በጣም አዘኑ፤ ሰው የሌለው ይመስል! ስለዚህ አቶ ደበሌንና ሁለት ሰዎች ጨምረው ጎሕ ሲቀድ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ደንቡ ደግሞ አባት እንዲናገር አይፈቅድም። አባት ከኋላ ይቆማል፣ መሬት መሬት ያያል።

አራቱም ከዓሣው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ልጃቸው ያለው እዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ዓሣ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቁም።

«አባቶች፣ ምን ልርዳችሁ? ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ደበሌ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ ፀሐይ ነው።»

«እሺ ካላችሁን በኋላ እንቀመጣለን፣ ጓድ እመቤት።» አቶ ደበሌ አዲሱንም የቀድሞውንም መንግሥት ማስቀየም አይፈልጉም። ዘንጋቸውን ተክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የመጣነው እናንተ ደጅ ለመለመን ነው። ይሄ ልጅ የኛ ነው። አይረባም።»

ደግፌ ዓይኑን ጨፈነ። የሚመጣውን ያውቀዋል። በመንደሩ ደንብ ለልጅ የሚለምን ሰው ልጁን አያሞግስም፤ ነውር ነው። ያዋርደዋል እንጂ። ያኔ በወዲያ በኩል ያሉት ‹ኧረ እንዲህ አይባልም፣ እኛ የሰማነው ጥሩነቱን ነው› ብለው ያነሱታል። አንዱ ሲጥል አንዱ ሲያነሳ ነገሩ ይሰምራል። ወዲያ ማዶ የተቀመጡት የቢሮ ሰዎች ይህን እንደማያውቁ ለአቶ ደበሌ ማን ይንገራቸው?

«ሽመና አስተማርነው፣ እምቢ አለው። ጠርዙን ያየ ሰው እባብ ነው ብሎ ይሸሻል። እንሰት ፋቅ ቢሉት እጁን ይፍቃል። ቆጮ ሲቀርብ ግን እሱን የሚቀድም የለም። ሰነፍ ነው። ከብት ጠብቅ ሲሉት ከብቱ እሱን ሲጠብቅ ይውላል።»

«ዋናስ?» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁ። «አባያን ስዋኝ አድጌአለሁ ብሎኛል።»

አቶ ደበሌ ግራ ገባቸው። «የት? እኛ አገር ውኃ በእንስራ ነው ያለው። ይሄ ልጅ ዝናብ ሲመጣ እንኳ ከሁሉ በፊት ቤት የሚገባ ነው።»

ሰልፉ ሞተ በሳቅ። ጓድ ገነነ ጠረጴዛውን መታ፣ የመንገዱ ሰውዬ እንባውን ጠረገ። አቶ ደበሌ ግን ሥራቸውን በደንብ እንደጨረሱ ሰው ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው መልሱን ጠበቁ። አሁን ተራው የወዲያኞቹ ነው።

ወይዘሮ እጅጋየሁ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «መልካም። እንግዲህ እናንተው ከመሰከራችሁ እኔ ምን እጨምራለሁ? እናመሰግናለን አባቶች። ቀጣይ!»

አቶ ደበሌ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። በዕድሜያቸው ስንት ትዳር አስረዋል፣ ስንት ጠብ አብርደዋል። ስንቱን ጎረምሳ አይረባም ብለው ድረዋል። እውነትዎን ነው ያላቸው ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላጋጠማቸውም። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ። ከኋላ የተሰለፈው ወጣት ደግፌን ገፋ አድርጎት ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

ደግፌም ወደ ጎን ተገፋ። ያን ጊዜ ሳቁ ከውስጡ አለቀ። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ቀን፣ ሁሉንም ጨርሶታል። ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ካሚዮን ታየው፣ የጎረቤቱ ልጅ ሲጫን እናቱ ከኋላው እንዴት እንደሮጠች ታየው። ፈራ። ሲያወራ እዚህ ላይ አይቀልድም፤ ፈራሁ ይላል።

«ቆይ» የሚል ድምፅ መጣ።

አቶ ኦይታ ናቸው። ራሳቸውን ቀና አድርገዋል። አቶ ደበሌ ዞረው በጋሞኛ «አንተ አትናገርም!» ብለው ተቆጧቸው። አቶ ኦይታ አልመለሱላቸውም። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ይዘውታል። ሰው ፊት ልብሱን አውልቅ የተባለ ሰው ይመስሉ ነበር።

«እኔ አባቱ ነኝ። አማርኛ ብዙ የለኝም። አባት ልጁን ማመስገን በኛ ዘንድ የለም። ደበሌ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ጠርዙ ጠማማ ነው። ግን እናንተ አላነሳችሁትም። እናንተ ካላነሳችሁት እኔ አነሳዋለሁ፣ ምን ላድርግ?»

ማንም አልሳቀም።

«ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ ይቀመጣል። ወገቡ ይታመማል፣ ይሰለቸዋል። ይሄ ልጅ ሸማ አይሠራም፣ እኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያወራል። እሱ ሲያወራ ጊዜው አይታወቀንም። እሱ ሲቀላ ከወረደ ወዲህ ሰው በጊዜ ተነስቶ ቤቱ ይገባል። የምንሠራው ጋቢ አነሰ። ይሄን ነግሬው አላውቅም። እናቱ ታማ ስትተኛ እኔ ፈርቼ ውጭ ተቀመጥኩ። ወንድ ነኝ፣ ግን ፈራሁ። እሱ አጠገቧ ሆነ። እኔ ውጭ ሆኜ የምሰማው ሳቋን ነው። እየሞተች ነው፣ ትስቃለች። እኔ ለሰው እንዲህ ማድረግ አልችልም። ደበሌም አይችልም። ጓድ እመቤት፣ ሥራ ካለሽ ስጪው። ከሌለሽም… ሩቅ አገር አትስደዱብኝ። ቤቴ ዝም ይላል።»

ሩቅ አገር የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ግቢው ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን በአደባባይ አይነገርም። ጓድ ገነነ ድንገት የሆነ ወረቀት አጥብቆ መፈለግ ጀመረ። የመንገዱ ሰውዬ ዲጂኖውን አስተካከለ። ደግፌ የተቀደደውን ብብቱን ረስቶ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጓል።

ወይዘሮ እጅጋየሁ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ቶሎ መልሰው አላደረጉትም።

«የኔም አንዱ ሩቅ ነው» አሉ በጣም ቀስ ብለው፤ የሰማቸው ምናልባት አቶ ኦይታና ደግፌ ብቻ ናቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን መለሱ። «አንተ ልጅ፣ ና ወደዚህ። ዓሣ ትበላለህ?»

ካሱ ቢሆን ‹በቀን ሦስቴ እበላለሁ በል› ይለው ነበር። ደግፌ ግን ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ። «በልቼ አላውቅም፣ ጓድ። ሽታው ያስጠላኛል።»

«እኔ አስጋሪ ሞልቶኛል። የጎደለኝ ገዢ ነው። ሲቀላ ላይ የዓሣ መሸጫ ከፍተናል። ግማሹ ሰው እባብ ነው ይላል፣ ግማሹ የጾም ነው የፍስክ ነው ብሎ ይከራከራል፣ የደጋው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የሚገዛ የለም። ሰው ቆሞ የሚያዳምጠው ሻጭ እፈልጋለሁ። አባትህ ያሉት እውነት ከሆነ ሰኞ ጠዋት እዚያ ተገኝ። የቅጥር ደብዳቤህን ለቀበሌህ እጽፋለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ራሴ አባያ ውስጥ እጥልሃለሁ፣ ከአዞው ጋር ስለምትተዋወቁ።»

ሰልፉ እንደገና ሳቀ። ደግፌ አልሳቀም፤ መሬት ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

«አሁን እንቀመጣለን» አሉ አቶ ደበሌና የሚቀመጡበት ፈለጉ። አግዳሚ ወንበር መጣላቸው፣ ሦስቱ ተቀመጡ፣ መረቁ። ሴትዮዋን መረቁ፣ ጠረጴዛዋን መረቁ፣ ዓሣውን ምን ብለው እንደሚመርቁት ትንሽ ቸግሯቸው ይብዛ ብለው አለፉት። አቶ ኦይታ ብቻ አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን መልሰው ለብሰው ጥግ ሄደው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆሙ።

ከሴቻ ቁልቁል ሲወርዱ አቶ ደበሌ ከፊት ሆነው ሲያጉረመርሙ ነበር። «ልጅ ታምቶ አዎ ይባላል? ምን ዓይነት ያልተቀጣ ሕዝብ ነው?» ይላሉ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ደግሞ ያጽናኗቸዋል። ደግፌና አባቱ ከኋላ ቀርተዋል። መንገዱ ዳር አባያ ከታች ቡናማ ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ሐይቅ ጨሞ ከወዲያ ሰማያዊ። በዚህ ዓለም ለደግፌ ከዝምታ የከፋ ነገር የለም፤ ያን ቀን ግን የሚጀምርበት አጣ።

በመጨረሻ፣ «አባባ» አለ። «እዚያ የተናገሩት ነገር…»

«እርሳው» አሉ አቶ ኦይታ መንገዱን እያዩ። «ደንብ አፍርሼ ነው የተናገርኩት። ለሰው እንዳታወራው።»

«ለቅጥሩ ብለው ነው እንጂ እውነት አልነበረም ማለት ነው?»

አባቱ ቆሙ። ዞረው አዩት። ተቆጥተዋል።

«ውሸት ቢሆንማ ለደበሌ እተውለት ነበር» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደግፌ የአዞውን፣ የዲጂኖውንና የጥጡን ነገር ለሚሰማው ሁሉ ያወራል፤ ዓሣውንም የሸጠው በዚህ ወሬ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ጨዋታ ያነሳል። የሆነው ይሄ ነው፦ በዚያ ቁልቁለት በጠራራ ፀሐይ፣ የሰው ኮት ለብሶ፣ እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አባቱ እየሰሙት ነበር። ሲቀላ እስኪደርሱ ግን ወደ ኋላ ዞረው አላዩትም፤ እርምጃቸውን ብቻ ቀንሰው ጠበቁት።